የሽንት ጨርቅ፦ ከፈትል እስከ ቅምቅማት

ካረጀ ነጠላ ተቆርጦ የተቀመቀመ የሽንት ጨርቅ በሁለት እጅ ዘርግተው ወደ መስኮት ቢያነሡት ብርሃኑ እኩል አያልፍበትም። ድሩ ቀጥ ብሎ፣ ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ ይወርዳል። በላዩ የሚሻገረው ማግ ግን አንድ ቦታ ያበጠ፣ ሁለት ጣት ያህል አለፍ ብሎ የሳሳ፣ ከዚያ ደግሞ ለስልሶ የተበተነ ነው። ባበጠበት ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ በሳሳበት ይፈካል። የፋብሪካ ጨርቅ ለለመደ ዓይን ይህ ጉድለት ይመስላል። ለሕፃን ግን የዚህ ጨርቅ ትልቁ ጸጋ ይኸው ነው፤ ውሃ የሚይዘው፣ ገላ የማይፍቀው፣ ታጥቦም ቶሎ የሚደርቀው ክሩ እንዲህ በመሠራቱ ነውና።

ስለ ሸማ ስናወራ ዓይናችን ወደ ጥለቱ ይሮጣል። የበዓል ቀሚስ ስንገዛ ጥለቱ እንዴት እንደተጣለ፣ ቀለሙ እንዴት እንደተስማማ፣ ጀርባው ፊቱን ይመስል እንደሆነ ገልብጠን እናያለን። ደግ ልማድ ነው። ያንኑ ዓይን ግን ሕፃኑ ቀንና ሌሊት ወደሚታሰርበት ጨርቅ የሚያዞር ጥቂት ሰው ነው። የበዓል ቀሚስ በዓመት ለጥቂት ቀን ይለበሳል፤ ያውም ከሥሩ ሌላ ልብስ አለ። የሽንት ጨርቅ የሚነካው ገና ያልጠነከረ ቆዳ ነው። ይረጥባል፣ ይታሻል፣ ይቀቀላል፣ ይሰጣል፣ በማግስቱ እንደገና ይታሰራል። በቤት ውስጥ ካለ ጨርቅ ሁሉ ከባዱ ሥራ የእሱ ነው። የጥሩ ባለሙያ እጅ አስቀድሞ መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙያው የሚጀምረው ከፈታይዋ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ አየር ገብቶበት ሲነፋ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክርና ትለቀዋለች። እንዝርቱ እየዞረ ሲወርድ ከጣቶቿ መሃል የሚሳበው ጥጥ ክር ሆኖ ይወጣል። የጨርቁ ዕጣ የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው፦ ምን ያህል ጥጥ ለቀቀች? ምን ያህልስ አከረረችው? አብዝታ ካከረረችው ክሩ ጠንክሮ ይደርቃል። ካሳነሰች ሸማኔው እጅ ላይ ይበጠሳል። ጣቷ መጠኑን ያውቀዋል እንጂ በመለኪያ አይገኝም። ጥሩ ፈታይ ለድርና ለማግ አንድ ዓይነት ክር አትፈትልም፤ የድሩን ከረር፣ የማጉን ላላ ታደርገዋለች። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን በፋብሪካ ክር ያደራዋል፤ የእጅ ፈትሉን ለማግ ያቆየዋል። ለሽንት ጨርቅ ይህ ቅልቅል ነውር የለበትም። ድሩ ጉተታውን ይችላል፤ ማጉ ፈሳሹን ይቀበላል።

አንዲት የጥጥ ቃጫ በማይክሮስኮፕ ስትታይ እንደ ሽቦ ክብና ድፍን አይደለችም። መሃሏ ክፍት የሆነ፣ ፍሬው ሲበስልና ሲደርቅ ተጨራምቶ የተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ቱቦ ናት። የተሠራችበት ሴሉሎስ ውሃ ይስባል፤ ቃጫዋም ስትረጥብ ታብጣለች። ነገር ግን ጨርቁ ውስጥ የሚጠራቀመው ሽንት አብዛኛው የሚያዘው በቃጫና በቃጫ፣ በክርና በክር መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክሩ በከረረ ቁጥር ያ ክፍተት ይጠብባል፤ በላላ ቁጥር ይሰፋል። ስለዚህ በእጅ የተፈተለው ማግ ያበጠባቸው ቦታዎች ሁሉ ፈሳሽ ማደሪያ ናቸው። ሌላም አለ። ጥጥ ሲረጥብ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ይጨምራል። ከቀርከሃ ተሠራ እየተባለ የሚሸጠው ሬዮን ግን ሲነኩት ከጥጥ ይለሰልሳል፤ ውሃ ሲነካው ይደክማል። በየቀኑ ተነክሮ ለሚጨመቅ ጨርቅ ይህ ልዩነት ከዓመት በኋላ ፈጦ ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ ሸማኔው ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩትም ሆኑ ሙያውን ከጋሞ ደጋ ይዘው የወጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ታች ሰደው፣ ድሩን በመርገጫ እየከፈቱ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። በመወርወሪያው ሆድ ውስጥ በቀሰም የተጠነጠነው ማግ አለ። የሸማኔውን እጅ ማወቅ የሚፈልግ ሁለት ቦታ ይመልከት። አንዱ ምቱ ነው፦ እያንዳንዱን ማግ ወደ ቀደመው ሲያስጠጋ በምን ያህል ኃይል መታው? አጥብቆ ከመታው ጨርቁ ሳንቃ ይሆናል፤ ውሃ ለመቀበል ይዘገያል። ካላላው ክሩ ይንሸራተታል፤ ሕፃኑ እግሩን ባወራጨ ቁጥር ጨርቁ እየተከፈተ ቀዳዳ ያወጣል። ይህን ለመፈተን ሁለቱን አውራ ጣቶች ጨርቁ ላይ ጎን ለጎን ተጭኖ ወደ ግራና ቀኝ መግፋት ነው። ክሮቹ በትንሹ ተነቃንቀው ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ምቱ ልክ ነው። እንደተከፈቱ ከቀሩ ሸማኔው ማግ ቆጥቧል።

ሁለተኛው ዳሩ ነው። መወርወሪያው ጠርዝ ደርሶ ሲመለስ ማጉ ከልክ በላይ ከተሳበ ጨርቁ መሃሉ ላይ ይጠባል፤ ካልተሳበ ዳሩ ላይ ትናንሽ ቀለበቶች ይቀራሉ፤ ኋላ የሕፃኑ ጣት እየገባባቸው ይመዘዛሉ። ጥሩ ሸማኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ ያህል ቀጥ ያለ ዳር ይሠራል። በመርካቶም ሆነ በሽሮ ሜዳ ሸማ ሲገዙ ጥለቱን ከማየት በፊት ዳሩን በጣት አዳልጦ መሄድ ስለ ሠሪው ብዙ ይናገራል።

እንግዲህ ለሕፃን አዲሱን ትቶ ያረጀውን መምረጥ ከቁጠባ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። ጥጥ ከተፈጥሮው ስስ የሰም ልባስ አለው። ሸማኔውም ድሩ እንዳይበጠስበት የሚያጠነክረው ነገር ያጠጣዋል። አዲስ ሸማ ላይ የውሃ ጠብታ ቢጥሉ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ገባ ከመባሉ በፊት ሊንከባለልም ይችላል። አሮጌው ላይ ቢጥሉ ገና ሲነካው ይሰወራል። በመካከላቸው ያለው የብዙ ዓመት እጥበት ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሰሙን አውጥተውታል፤ መታሸቱ የክሩን ጫፎች አፍታትቶ ለስላሳ ጸጉር አውጥቶለታል፤ ሊያጥር የሚችለውንም ያህል አጥሯል። ከእንግዲህ መጠኑ አይለወጥም። አያቶቻችን የልጅ ልጅ ሊመጣ ነው ሲባል ከሣጥን ሥር ያረጀ ነጠላ የሚፈልጉት እጃቸው ይህን ስለሚያውቅ ነው። አዲስ ጨርቅ የገዛ ሰው ደግሞ ይህን እርጅና በራሱ ሊያመጣው ይችላል፤ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት አምስት ስድስት ጊዜ በሙቅ ውሃ እያጠቡ፣ በየመሃሉ እያደረቁ፣ በጠብታው መሞከር ብቻ ነው። ጠብታው መቆሙን ሲተው ጨርቁ ለሥራ ደርሷል።

አሮጌው ሲቆረጥ ጥለቱ መውጣት አለበት። ብዙው ጥለት የሚሠራው ከሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ ሙቀት አይወድም፣ ከሁሉ በላይ ገላ ይፍቃል። አምሮ ስለታየ ብቻ ጥለቱን በልጅ ወገብ ላይ የሚተው ሰው ሲያጋጥመኝ መቀሱን መቀማት ያምረኛል። ቁራጩ አራት ማዕዘኑ እኩል እንዲሆን አንድ ክር መዝዞ በተመዘዘው መስመር መቁረጥ ይሻላል፤ በዓይን ግምት የተቆረጠ ጨርቅ ሲታጠብ ይጣመማል፣ ሲታጠፍም ጫፉ ከጫፉ አይገጥምም። ትክክለኛ መሆኑ የሚታወቀው በሰያፍ አጥፈው ሁለቱን ማዕዘኖች ሲያጋጥሙ ነው።

ቅምቅማቱ ብቻውን አንድ ሙያ ነው። የእጅ ፈትል ማግ ጫፉ ክፍት ከተተወ በሁለት እጥበት ይበተናል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መታጠፍ አለበት። እጥፉ ሰፊ ከሆነ ግን ዙሪያውን ወፍራም ገመድ ይሆናል፤ ገመዱም በጭኑ እጥፋት መሃል ገብቶ ቀይ መስመር ይሠራል። ጥሩ ሰፊ እጥፉን ከግማሽ ጣት በታች ያደርገዋል፤ ማዕዘኑ ላይ ጨርቅ በጨርቅ ተደራርቦ ጉብ እንዳይል ውስጡን ቆርጦ ያሳሳዋል። በእጅ የቀመቀሙ እናቶች ሥራ ላይ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው፦ መርፌዋ ከጨርቁ አንድ ሁለት ክር ብቻ እያነሣች ስለምትሄድ ስፌቱ በፊቱ በኩል አይታይም፤ ጣት ቢያዳልጡበት አይሰማም። ያንን ቅምቅማት የሠራች ሴት ስሟን የትም አልጻፈችም። የልጇ ጭን ላይ መስመር አለመውጣቱ ይበቃታል።

ከዚያ አስተጣጠፉ ይመጣል። አንድ ነጠላ አራት ማዕዘን ጨርቅ፣ ጎኑ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከተወለደበት ቀን አንሥቶ መራመድ እስኪጀምር ድረስ ለአንድ ልጅ ሊያገለግል ይችላል። ከሌላ ዓይነት የሽንት ጨርቅ ሁሉ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ። ለአራስ ጨርቁ አራት ሆኖ ታጥፎ ከዚያ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሁለቱ ጫፎች ከእትብቱ በታች ይገናኛሉ። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ የፊቱ ጠርዝ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ቁስሉ አየር ያገኛል፣ አይረጥብም። ወንድ ልጅ ሲሆን ንብርብሩ ወደ ፊት ይበዛል፤ ሴት ስትሆን ወደ መሃልና ወደ ኋላ። ልጁ ሲያድግ እጥፉ እየቀነሰ ጨርቁ ይሰፋል። የታሰረው ጨርቅ ከጭን እስከ ጭን ባለው መሃል ወፈር፣ በጎንና በጎን ሳሳ ማለት አለበት። እንዲህ ሲሆን እግሮቹ በተፈጥሯቸው እንደ ታጠፉና እንደ ተከፈቱ ይቀመጣሉ፤ ለዳሌው መገጣጠሚያ የሚስማማው አቀማመጥ ይህ ነው። እግሩን አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ግን ዳሌውን ይጎዳል። በአንቀልባ የሚታዘል ልጅም እግሩን ከፍቶ የእናቱን ወገብ ስለሚያቅፍ ቋጠሮው ከፊት በኩል፣ ከአንቀልባው ማሰሪያ ርቆ መዋል አለበት። ስስ ነጠላ ቋጠሮው ትንሽ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ወፍራም የፎጣ ጨርቅ ተቋጥሮበት የታዘለ ልጅ ግን ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

በቋጠሮ ፈንታ መርፌ ቁልፍ የሚጠቀም ብዙ ነው። ይህችን ዛሬ የምናውቃትን መርፌ ቁልፍ አሜሪካዊው ዋልተር ሃንት እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት አወጣባትና በ400 ዶላር ሸጣት። አንድ ሽቦ ነው፤ መሃሉ ላይ ተጠምጥሞ ራሱን በራሱ የሚገፋ ሞላ የሆነ፣ ጫፉም በመከለያ የሚሸፈን። ሲያስገቡ የራስን ሁለት ጣት በጨርቁና በሕፃኑ ሆድ መካከል ማድረግ፣ መርፌውንም በአግድም እንጂ ወደ ታች አለመስደድ ነው። ጫፉ አልገባ ካለ ሳሙና ላይ ወጋ አድርጎ ማውጣት ያቀልለታል።

በአሜሪካ አገር ጨርቅ የሚመርጡ ወላጆች ከሚወዷቸው አንዱ አስቀድሞ ታጥፎ የተሰፋው ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ ግራና ቀኙ አራት አራት ድርብ፣ መሃሉ ስምንት ድርብ። ሽንቱ የሚወርደው መሃል ላይ ስለሆነ ውፍረቱ እዚያ ተከማችቷል፤ ጎኑ ወገብ ላይ ስለሚዞር ሳስቷል። ይህን አቆጣጠር ሳይ ጋቢ ትዝ ይለኛል። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ያረጀ ጋቢ በመሃሉ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት ድርብ ይሆናል። አንድ ጥሩ ልብስ ሰፊ ካረጀ ጋቢ ላይ ቁራጭ ወስዶ፣ ሁለቱን ጎን በአራት ትቶ መሃሉን ደርቦ፣ በሁለት ቀጥ ያለ ስፌት ቢይዘው ያው ዕቃ በእጅ ፈትል ተሠራ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ስምንት ድርብ በአንድ ላይ ከተሰፋ በክረምት ገመድ ላይ ቀን ሙሉ ውሎም መሃሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል። የነጠላው ቁራጭ ሲዘረጋ አንድ ድርብ ብቻ ነው፤ በሐምሌ እንኳ ፀሐይ ፈገግ ባለችበት ሰዓት ይደርቃል። ስለዚህ ለቀን ነጠላውን፣ ለሌሊት የተደረበውን እመርጣለሁ።

ጨርቅ ብቻውን ውሃ ይይዛል እንጂ አያግድም፤ በላዩ መሸፈኛ ይፈልጋል። በዚህ በኩል ያለው ታሪክ የሁለት እናቶች ነው። አሜሪካዊቷ ማሪዮን ዶኖቫን ከመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ቆርጣ የመጀመሪያውን መሸፈኛ ሰፋች። በኋላ ወደ ፓራሹት ናይለን ዞረች፤ በመርፌ ቁልፍ ፈንታም ተጭነው የሚቆለፉ የፕላስቲክ ቁልፎች አደረገችበት። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒውዮርክ በሚገኘው ሳክስ ፊፍዝ አቬኑ ለገበያ ቀረበ፤ የፈጠራ መብቱን በ1951 አገኘች። በዚያው ዘመን በብሪታንያ ቫለሪ ሃንተር ጎርደን እንዲሁ ከፓራሹት ናይለን ሱሪ ሰፍታ ውስጡ የሚቀየር ንጣፍ አደረገችበት። ሁለቱም በእጃቸው የነበረውን ቁሳቁስ በልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የጀመሩት።

ዛሬ በጥሩዎቹ መሸፈኛዎች ላይ ያለው ጨርቅ ከውጭ ፖሊስተር፣ ከውስጥ ስስ ፖሊዩሬቴን የተለጠፈበት ነው። ትንፋሽ ያሳልፋል፣ ፈሳሽ አያሳልፍም፤ ደጋግሞ መታጠብንም ይችላል። ግን ሰፊው ካላወቀበት ያ ሁሉ ከንቱ ነው፤ መርፌ የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ነውና። ጥሩ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰፊው በእግሩ ዙሪያ አንድ ስፌት በሚበቃበት ቦታ ሁለተኛ አይደግምም። የሚሰፋው በፖሊስተር ክር ነው፤ የጥጥ ክር እንደ ፋኖስ ክር ሽንቱን ከውስጥ ስቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ጨርቁን ሲያያይዝም በስፒል አይወጋውም። ቁልፎቹ በተተከሉበት ቦታ ከውስጥ ተጨማሪ ቁራጭ ይደርባል፤ ካልደረበ ቁልፉ ሲጎተት ጨርቁን ይዞ ይነቀላል። ላስቲኩ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ላይ መርፌው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተመላልሶ የሠራው ጥብቅ ስፌት መኖር አለበት። መጀመሪያ የሚለቅ እሱ ነው።

ሲገዙ ውስጡን መገልበጥ ነው። ላስቲኩን ስበው ይልቀቁት፤ ቶሎ ተሰብስቦ እኩል መጨማደድ አለበት። የእግሩ ዙሪያ ጨርቁ ወደ ውስጥ ዞሮ ከሆነ መልካም፤ ወደ ውጭ የወጣ የውስጥ ጨርቅ ካለ ግን ከሕፃኑ ሱሪ ጋር እየተነካካ ያረጥበዋል። በገበያችን በብዛት የሚታዩት የኪስ ዓይነቶች፣ ውስጣቸው ንጣፍ የሚከተትባቸው፣ ከዚህ አንጻር እኩል አይደሉም። አንዳንዱ በሚገባ የተሰፋ ነው፤ አንዳንዱ ሥዕሉ ብቻ ያማረ። አብሯቸው የሚመጣው ማይክሮፋይበር ንጣፍ ደግሞ ቶሎ ይጠጣል፤ ልጁ ሲቀመጥበት ግን የጠጣውን ይተፋል፤ ገላን በቀጥታ ከነካም የቆዳውን እርጥበት ይመጥና ያደርቀዋል። ኪሱ ውስጥ ተከቶ ይኑር፣ ወይም በነጠላ ቁራጭ ይተካ። እኔ ብጠየቅ ጥሩ ሦስት አራት መሸፈኛ ገዝቶ ውስጡን በአሮጌ ሸማ መሙላት እመክራለሁ።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሐቅ አለ፤ ጨርቅ እንደ ሚጣለው ዳይፐር ሽንቱን ወደ ጄል አይለውጠውም። እርጥብ ሲሆን እርጥብ ነው። አራስ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ መቀየር ይፈልጋል፤ በኋላም በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት አንድ ጊዜ። በየሁለት ቀኑ የሚያጥብ ቤት 24 ያህል ጨርቅ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ውሃ በሳምንት ጥቂት ቀን በሚመጣበት ሰፈር፣ እጥበቱም በአንዲት እናት እጅ ብቻ በሚወድቅበት ቤት ይህ ከባድ ሸክም ነው። እዚያ ቤት ሌሊቱን ወይም መንገዱን በሚጣለው መሸፈን የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

እጥበቱ ጨርቁን የሠሩትን እጆች ማክበር አለበት። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ከቀደመ እድፉ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ አረፋው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። የልብስ ማለስለሻ አይግባበት፤ ቃጫውን ቀብቶ ያን የጠፋውን ሰም የመለሰ ያህል ያደርገዋል። ቫዝሊንና ቅባት ያለው ክሬምም እንዲሁ ያደርጋል። የቀረው ቢጫ ነጥብ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይለቃል። ሸማ በእንዶድ ሲታጠብ የኖረው የፍሬው አረፋ ነጩን ጥጥ ሳያደርቅ ስለሚያጠራ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየውና የቢልሃርዚያን ምርምር የጀመረው ከዚሁ እጥበት ነው። እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ስለሆነ ለሕፃን ጨርቅ ግን የተለመደው ሳሙና ይሻላል። ፀሐይና ገመድ ከማድረቂያ ማሽን እንደሚበልጡም በቁጥር ታይቷል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት አንድ ልጅ ለሁለት ዓመት ተኩል ሲጠቀምበት የሚጣለው 550 ኪሎ፣ የጨርቁ 570 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ብክለት ነበራቸው። ማሽኑን ሞልተው የሚያጥቡ፣ በገመድ የሚያሰጡና ለሁለተኛ ልጅ የሚያቆዩ ቤተሰቦች ግን የጨርቁን ድርሻ በ40 በመቶ እንደሚቀንሱት ጥናቱ አስልቷል። ደህና የተቀመቀመ የእጅ ፈትል ደግሞ ሁለተኛ ልጅ ሲደርስ ገና ለስላሳነቱ እየጨመረ ነው።

አሮጌ ነጠላ የሌለው ቤት ለሸማኔ ማዘዝ ይችላል። ትእዛዙ ግን ልዩ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት፦ ጥለት የለውም፤ ማጉ የእጅ ፈትል፣ ላላ ያለ፤ ምቱ ለነጠላ ከሚመታው ጥቂት የጠበቀ። ብዙ ሸማኔ ጥለት የሌለው ሥራ ሲባል ርካሽ ክር ሊያደርግበት ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ከተነገረው ግን የሚያደርገውን ያውቃል። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ደጋግሞ ይታጠብ፤ ይጠር። ከዚያ በ72 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ ቅምቅማቱ ሲታጠፍ ጎኑ 70 ላይ ያርፋል። ልብስ ሰፊው ለቀን የሚሆነውን በነጭ ክር፣ ለሌሊት የተደረበውን በሰማያዊ ክር እንዲቀመቅመው ይንገሩት፤ ደርቆ ከገመድ ሲነሣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሳይዘረጉ ዳሩን ማየት ይበቃል።